ማን ማንን እየጠበቀ ነው? በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የተማርኩት

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ሥራ የምሠራባት ትንሽ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ ከተማሪዎች ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚረከብበት ሰሞን ሲመጣ ወረፋው ከበረንዳው አልፎ መንገድ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ቢቆም የስንት ሰው የሌሊት ልፋት አብሮ ይቆማል። ማሽኑን ለጠጋኝ ሰጥቶ ቀን መቁጠር አላዋጣኝ ሲል፣ ውስጡን ራሴ ማወቅ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ።

የክፍሎቹን ስም መያዝ አላስቸገረኝም። ሁሉን የሚያገናኘው ሰሌዳ ማዘርቦርድ፣ አስሊው ፕሮሰሰር፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው ራም፣ ፋይል የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ፣ ኃይል አከፋፋዩ ፓወር ሰፕላይ፤ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቶ ያየ ሰው በአንድ ከሰዓት ይለያቸዋል። ስም ማወቅና ብልሽት ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። መንገዱን ያሳዩኝ በሠፈራችን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ያረጁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ኮምፒውተር ጠግነው አያውቁም። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «ጋሼ፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፤ ከየት ልጀምር?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጠርጥሪ» አሉኝ። «መጀመሪያ የሚነሣው ማን ነው? ከእሱ ቀጥሎስ? ማን ማንን እየጠበቀ እንደቆመ ፈልጊ፤ ያኔ ጥፋተኛው ራሱ ይወጣል።»

ከዚያ ወዲያ የተማርኩት ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። የአነሣሡን ቅደም ተከተል የማያውቅ ሰው ዕቃ እየቀያየረ ገንዘቡን ይጨርሳል።

የመጀመሪያው ተጠባቂ መብራት ነው። የጣና ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀውን የ460 ሜጋ ዋት ጣቢያ ተርባይኖች እያዞረ ለአገሪቱ መረብ ኃይል ይሰጣል። ሶኬታችን ላይ የሚደርሰው ኃይል 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ ማዘርቦርድ ላይ የተደረደሩት ቺፖች ደግሞ ይህን ፈጽሞ አይችሉትም። ፓወር ሰፕላዩ መጀመሪያ 310 ቮልት ገደማ ወደሆነ ቀጥተኛ ኃይል ይለውጠዋል፤ ከዚያ አውርዶ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት አድርጎ ያከፋፍለዋል። ያ ከፍተኛ ቮልት ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተር በሚባል ኃይል ያዥ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ እፈታለሁ፣ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አልከፍትም፤ ከተበላሸ በሙሉ እቀይረዋለሁ። አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆችም ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው፤ የሰው ሕይወት ነውና።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለም ገመዱ እስከተሰካ ድረስ አንድ ቀጭን የ5 ቮልት መስመር በሥራ ላይ ነው። ማዘርቦርዱ በዚያች ኃይል ነቅቶ የማብሪያውን ቁልፍ ይጠብቃል። ቁልፉ ሲነካ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ያገናኛል፤ ፓወር ሰፕላዩም ይነሣል። ፕሮሰሰሩ ግን ወዲያው ሥራ አይጀምርም። ቮልቶቹ ሁሉ እስኪረጉ ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል፤ ሲረጉ ፓወር ሰፕላዩ በግራጫው ሽቦ «ኃይሉ ደኅና ነው» የሚል ምልክት ይልካል። ይህ ምልክት እስኪደርሰው ድረስ ፕሮሰሰሩ ታስሮ ይቆያል። ይህን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ። ማራገቢያው ዞሮ ወዲያው የሚቆም ማሽን ሲገጥመኝ ሐሳቤ በቀጥታ ወደ ኃይሉ መሄድ ጀመረ።

ከማሽኖቼ አንዱ ጠዋት ጠዋት በሰላም ይሠራና ብዙ ሥዕል ያለበት ጽሑፍ ሲከፈትበት በድንገት ጠፍቶ እንደገና ይነሣ ነበር። ብዙ ሰው ቫይረስ ነው አለ። እኔ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አውጥቼ 12 ቮልት የሚሸከመውን ቢጫ ሽቦ ለካሁ። ማሽኑ ሥራ ፈት ሳለ 11.9 ያሳያል። ከባድ ፋይል ስከፍት ወደ 11.1 ወረደ። የተፈቀደው መዋዠቅ ከላይም ከታችም 5 በመቶ ነው፤ ማለትም ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፣ ያረጀው ፓወር ሰፕላይ ማቅረብ ያቅተዋል፣ ምልክቱ ይቋረጣል፣ ሁሉም ይወድቃል። ፓወር ሰፕላዩ ሲቀየር ችግሩ አብሮ ሄደ። ሶፍትዌር እንደገና መጫን እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም ነበር።

ኃይሉ ከረጋ ፕሮሰሰሩ የመጀመሪያ ትእዛዙን የሚያነበው ከሃርድ ዲስክ አይደለም፤ ራሙም ገና አልተዘጋጀም። የሚያነበው ማዘርቦርዱ ላይ ከተጣበቀች ባዮስ ከምትባል አነስተኛ ቺፕ ነው። ባዮስ ራሙን ትቀሰቅሳለች፣ ትፈትሻለች፣ ከዚያ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ዲስኮቹን ትጠራለች፤ በመጨረሻ የኮምፒውተሩን መሪ ሶፍትዌር፣ ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን፣ ከዲስክ ወደ ራም ማምጣት ይጀመራል። ጋሼን የጠየቅኳቸው ጥቁር ስክሪን የተፈታው በዚህ ነው። ራም ካልተገኘ ስክሪን ላይ የሚጽፍ ስለማይኖር ማሽኑ በድምፅ ይጮኻል ወይም ዝም ይላል። ሁሉንም ነቃቅዬ ማዘርቦርዱን ከፕሮሰሰሩ፣ ከአንድ ራምና ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ብቻ አስቀረሁት። የራሙን የወርቅ ቀለም ጥርሶች በለስላሳ ላጲስ ቀስ ብዬ ጠርጌ፣ ፍርፋሪውን አራግፌ መለስኩት፤ ስክሪኑ በራ። ክረምት ላይ ከሐይቁ በሚነሣው እርጥበት የተነሣ እነዚህ ጥርሶች ይደበዝዛሉ፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ከሚመጡልኝ ጥቁር ስክሪኖች ብዙዎቹ በዚሁ ይድናሉ። ላጲሱን ግን ጠንክሮ ማሸት የወርቅ ቅቡን ያስለቅቃል፤ አልኮል በጥጥ ከተገኘ ይሻላል። ራም ከመንካቴ በፊት ደግሞ ገመዱን ነቅዬ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ብረት እይዛለሁ፤ በበጋው ደረቅ አየር ከልብስ የሚነሣው ኤሌክትሪክ ለእኛ ባይሰማንም ቺፕ ያቃጥላል።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ተማሪ፣ «እትዬ፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል ግን ኢሜይሌ አልከፍት አለኝ» ብላ መጣች። በሌላው ኮምፒውተር ይከፈታል፤ በዚህ ግን ገጹ ሁሉ ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ ነው ይላል። የኬብሉም የሞደሙም ችግር አልነበረም። ጥጉ ላይ ቀኑን ሳየው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች፤ ገመዱ በተነቀለ ጊዜ ሰዓቱን የምታስኬድ እሷ ናት። ሰዓቱ የሚቆጥረው በሰከንድ 32,768 ጊዜ በምትርገበገብ ክሪስታል ነው፤ ቁጥሩ ሁለትን 15 ጊዜ ከማባዛት የሚገኝ ስለሆነ ቺፑ ደጋግሞ ለሁለት በማካፈል ብቻ አንድ ሰከንድ ላይ ይደርሳል። ባትሪዋ ስታልቅ ቀኑ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የደኅንነት ማረጋገጫ ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ብራውዘሩ በራሱ ቀን ሲመዝነው ገና ያልተሰጠ ሆኖ ያገኘዋልና አልቀበልም ይላል። ባትሪዋን ቀይሬ ቀኑን ሳስተካክል የልጅቱ ኢሜይል ተከፈተ። ክፍሎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተሳሰሩ ከዚህ የበለጠ ያሳየኝ ነገር የለም።

እስካሁን ያወራሁት ስለቆሙ ማሽኖች ነው። ተማሪዎች አብዝተው የሚያማርሩት ግን በመንቀርፈፉ ነው፤ ሁልጊዜም «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል» ይላሉ። የእኔ ማሽኖች እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡት የኢንቴል ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ናቸው፤ ፍጥነታቸው 3.3 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 3.3 ቢሊዮን ምት ነው። አንዱ ምት የናኖሰከንድን (የሰከንድ ቢሊዮንኛን) ሲሶ ያህል ብቻ ይፈጃል፤ ብርሃን እንኳ በዚያ ጊዜ የሚጓዘው 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስሌቱን በወረቀት ላይ ሠራሁት። አንዱን ምት አንድ ሰከንድ ብናደርገው፣ ፕሮሰሰሩ ከራም አንድ ነገር ሲጠይቅ አራት ደቂቃ ገደማ ይጠብቃል። ከሃርድ ዲስክ ሲጠይቅስ? ሳሕኑ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ አንባቢው ክንድ ቦታው እስኪደርስና ሳሕኑ እስኪዞርለት በአማካይ 13 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በዚያው ስሌት ይህ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በላይ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው በቺፕ የተሠራ ዲስክ ግን የሚዞር ነገር ስለሌለው መልሱን በአራት ቀን ግድም ያመጣል።

ይህን ካየሁ በኋላ ፕሮሰሰሩን መውቀስ አቆምኩ። የክፍሎቹን ሥራ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ስከፍት ፕሮሰሰሩ 10 በመቶ እየሠራ ዲስኩ 100 በመቶ ተጨናንቆ አየዋለሁ፤ ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ራሙ 2 ጊጋባይት ብቻ ስለነበር፣ ብራውዘርና ዎርድ አንድ ላይ ሲከፈቱ ሞልቶ የተረፈውን ወደ ዲስክ ይገፋዋል፤ መልሶ ሲፈልገው ያ ረጅም ጥበቃ ይጀመራል። ስለዚህ ቅድሚያ የሰጠሁት ለራም ነው፤ ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት አስገባሁ። ሁለት የሆኑት በምክንያት ነው፤ አንዱ ራም በሰከንድ እስከ 10.6 ጊጋባይት የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ሁለቱ በየመስመራቸው ሲሰኩ መንገዱ እጥፍ ይሆናል። በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች የመክተቻው ቀለም ጥንዱን ያሳያል። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ደግሞ የጥርሳቸው ቅርጥ ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መክተቻ አይገባም፤ አይግፉት። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ተካሁ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ፋይል ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። ፕሮሰሰሩ ያው ነው፤ ማሽኑ ግን ሌላ ሆነ። በአንዳንዶቹ ማዘርቦርዶች ላይ ሳታ ከሚባሉት የዲስክ መክተቻዎች ገሚሶቹ ባለ 6 ጊጋቢት፣ ገሚሶቹ ባለ 3 ናቸው፤ ኤስኤስዲውን በፈጣኑ ላይ መሰካት ተገቢ ነው።

ሙቀቱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም የከተማችን ከፍታ ይህን ጉዳይ ያባብሰዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚወስደው ሙቀት ያንኑ ያህል ያንሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቤቱ ሙቀት 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ባጃጆች የሚያነሡት አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ሲደፍን፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጠቃሚው የሚያየው መንቀርፈፉን ብቻ ነው። እኔ በየካቲት ኬዞቹን አውጥቼ አቧራውን አስወግዳለሁ፤ ማራገቢያውን በጣቴ ይዤ እንዳይሽከረከር አድርጌ ነው የምነፋው። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ከሆነ ጠርጌ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ አደርግበታለሁ። ቅባቱ ሥራው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ጥቃቅን የአየር ክፍተት መሙላት ነው፤ ማብዛቱ ጥቅም የለውም።

መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ብቻ ሳይሆን ሶኬቱን መንቀል ልማዴ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ለጥቂት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ በመመለሻው ላይ የቮልቱ መዋዠቅ ይብሳልና። የሚታተም ሥራ ያለበት ማሽን መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ነው። ማተሚያውን ግን ከዩፒኤሱ ጋር አላገናኝም፤ ሌዘር ማተሚያ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ለማጣበቅ በሚያሞቅበት ቅጽበት የሚስበው ኃይል ትንሹን ዩፒኤስ ይጥለዋል።

አሁን ተማሪዎቹ የራሳቸውን ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ። የአነሣሡ ቅደም ተከተል አንድ ነው፤ ኃይል፣ ባዮስ፣ ራም፣ ዲስክ። ልዩነቱ በብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር መበየዱ ነው፤ 4 ጊጋባይት ሆኖ ከተሸጠ ዕድሜውን ሙሉ 4 ጊጋባይት ነው። ለእነዚያ ዲስኩን ከመቀየርና ማራገቢያውን ከማጽዳት ሌላ የማደርግላቸው የለኝም። ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዙ ለሚያማክሩኝ፣ ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት የታች ክዳኑን አስከፍተው ባዶ የራም መክተቻ መኖሩን እንዲያዩ፣ ቀኑና ሰዓቱ ትክክል መሆኑን እንዲያረጋግጡ፣ ከዚያም ሻጩ ፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቪዲዮ እያጫወቱ የማራገቢያውን ድምፅ እንዲያዳምጡ እነግራቸዋለሁ።