ሳይዶለዱም መሳል

በግራ እጄ ሌባ ጣት ላይ፣ ከጥፍሩ ዝቅ ብሎ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ። ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዋዜማ ዕለት፣ ለዶሮው የሚሆነውን ሽንኩርት ስከትፍ ያገኘሁት ነው። ቢላዋው ዱልዱም ስለ ነበረ የሽንኩርቱን ቆዳ አልበሳ አለኝ፤ እኔም በጉልበት ላስገባው ስጫነው ተንሸራቶ ጣቴ ላይ አረፈ። ስል ቢላዋ እጅ ይቆርጣል እየተባልኩ ያደግሁ በመሆኔ ጥፋቱ የስለቱ ማጣት መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል። ስል ቢላዋ በራሱ ክብደት ስለሚገባ እጅ አይጫነውም፤ ዱልዱሙ ግን ጉልበት ይጠይቃል፣ ከመንገዱ ሲያመልጥም ያንኑ ጉልበት ሁሉ ይዞ ነው የሚያመልጠው።

የዚያን ዕለት እንባዬም ከዚሁ የመጣ ነበር። ሽንኩርት ዓይን የሚያቃጥለውን ጋዝ የሚያወጣው ሕዋሳቱ ፈርሰው በውስጣቸው ተለያይተው የነበሩ ንጥረ ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ስለታም ቢላዋ ጥቂቱን ቆርጦ ሲያልፍ ዱልዱሙ ብዙውን ይጨፈልቃል። ለአንድ ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ከበዓሉ በኋላ በሰፈራችን የሚያልፍ ቢላዋ የሚስል ሰው ጠርቼ ሁለቱን ቢላዋዎቼን ሰጠሁት። አንደኛው ከሱቅ የገዛሁት የማይዝግ ብረት ነው፤ ሁለተኛው የእናቴ ካራ ነው። ካራው ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው ሲሆን፣ ብረቱ ከዘመን ብዛት ጠቁሯል፣ እጀታውም በእናቴ መዳፍ ልክ ተበልቷል። ሰውየው በሚሽከረከር ደረቅ ድንጋይ ላይ ብልጭታው እየተፈናጠረ ሳለልኝ፤ ሲመልስልኝ በእርግጥ ይቆርጥ ነበር፣ ነገር ግን የካራው ጫፍ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ሰማያዊ ጥላ አየሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ ጫፍ ቲማቲም እንኳ አልቆርጥ አለ። እንዲህ ያለ የካርቦን ብረት ግሎ ከተነከረ በኋላ እንዳይሰበር ብዙውን ጊዜ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ እንደገና ይሞቃል፤ ሰማያዊ ቀለም የሚያወጣው ግን ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ እዚያ የደረሰ ስስ ጠርዝ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የቱንም ያህል ቢሳል ስለቱን አይዝም። መድኃኒቱ የለሰለሰው ክፍል እስኪያልቅ ድረስ በውኃና በእጅ ፍቆ ማስወገድ ብቻ ነው። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ እኔም ቆሜ እያየሁ ብልጭታውን የጉብዝና ምልክት አድርጌው ነበር።

ነገሩን በትክክል የተረዳሁት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ ነው። ዓሣ ልገዛ በማለዳ ወርጄ፣ አባ ኮዳዎቹ ፍርፋሪ በሚጠብቁበት በሐይቁ ዳር፣ ቆሮሶ እየገፈፈ ፊሌቶ የሚያወጣ አንድ ወጣት አጠገብ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ቢላዋው ከእኔ የሽንኩርት ቢላዋ ያነሰና ብዙ በመሳል የቀጠነ ነበር። ከጀርባ አጥንቱ ጋር አስጠግቶ ሲያንሸራትተው ሥጋው እንደ ወረቀት ይለያይ ነበር። የገረመኝ ግን በየአምስትና ስድስት ዓሣው ቆም እያለ ከጎኑ ባስቀመጠው እርጥብ ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ማስኬዱ ነው። ቢላዋው ገና ስል ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚስለው ስጠይቀው ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦ «ማዘር፣ እናንተ ሲዶለዱም ነው የምትስሉት፤ እኛ ሳይዶለዱም ነው።» እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለመስቀል፣ የማደርገውን እሱ በቀን ምናልባት ሃምሳ ጊዜ ያደርገዋል፤ የእኔ ቢላዋ በየስሉ ብዙ ብረት ሲያጣ የእሱ እምብዛም አያጣም።

ወደ ቤት ስመለስ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር አንድ ወገኑ ሻካራ፣ ሌላው ወገኑ ልስልስ የሆነ ድንጋይ ገዛሁ፤ ቆይቼም ከአዲስ አበባ 1000 ቁጥር የሆነ፣ ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ አስመጣሁ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ ይለሰልሳል፤ የተሸረፈ ቢላዋ ከ200 እስከ 400 ቁጥር ባለው ይጀመራል፣ 3000 እና ከዚያ በላይ ያለው ለማስዋብ ነው። ለዶሮና ለሽንኩርት 1000 ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ እንዲያውም በጣም የለሰለሰ ስለት የቲማቲም ቆዳ ላይ ሲንሸራተት፣ ጥቂት ጥርስ የቀረለት ግን ወዲያው እንደሚይዝ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

አስቸጋሪው ማዕዘኑ ነው። የወጥ ቤት ቢላዋ ከድንጋዩ ጋር በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ቢፈጥር ይስማማዋል፤ ዲግሪ ግን ለእጅ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ለካሁት። የቢላዋዬ ወርድ ከስለቱ እስከ ጀርባው 4.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 20 ዲግሪ እንዲሆን ጀርባው ከድንጋዩ በ1.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ይህም የክብሪት ቀፎ ውፍረት ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀፎውን ከጀርባው ሥር አስገብቼ ከፍታውን ካየሁ በኋላ አወጣው ነበር፤ አንጓዬ እስኪለምደው ድረስ በየጥቂት ደቂቃው መልሼ እለካ ነበር። ሌላው የረዳኝ ዘዴ ስለቱን በጥቁር ማርከር መቀባት ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካስኬዱት በኋላ ቀለሙ ከጀርባው በኩል ብቻ ከተነሣ ቢላዋው በጣም ተኝቷል፣ ከጫፉ ብቻ ከተነሣ በጣም ቆሟል ማለት ነው። የእኔ ቀለም ለወር ያህል እዚህም እዚያም ተበጣጥሶ ይነሣ ነበር፤ ይህም እጄ በየምልልሱ እንደሚወዛወዝ ያለ ይሉኝታ አሳየኝ።

ከማዕዘኑ ቀጥሎ ያለው ምልክት፣ ሳላውቀው ለዓመታት ያጣሁት፣ በጣት የሚዳሰስ ነው። አንዱ ጎን በበቂ ሲሳል በሌላው ጎን ላይ ስስ የብረት ጠርዝ ይቀለበሳል፤ አውራ ጣትን ከጀርባው ወደ ስለቱ፣ ማለትም ስለቱን ተሻግሮ ወደ ውጭ (በስለቱ ርዝመት ፈጽሞ አይደለም)፣ ቀስ አድርገው ሲያሳልፉት እንደ ጥቃቅን ሻካራ ነገር ይይዛል። ይህ ጠርዝ ከእጀታው አጠገብ እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ ካልተሰማ ያ ጎን አላለቀም፤ ከተሰማ ደግሞ ከዚያ በላይ መፋቅ ብረት ማባከን ነው። ከዚያ ሌላው ጎን ይከተላል፤ በመጨረሻም እጅን እያቀለሉ ጎን በመቀያየር የተቀለበሰውን ጠርዝ ማስወገድ ያስፈልጋል። እኔ ማጠናቀቂያውን በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተትኩ አደርገዋለሁ። በድንጋዩ ላይ የሚጠራቀመውን ጥቁር ጭቃ ቀድሞ አጥበው ነበር፤ አሁን እተወዋለሁ፣ መፋቁን እሱም ያግዛልና። ድንጋዩ መሐሉ ሲጎደጉድ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት መስተዋት ላይ ዘርግቼ አስተካክለዋለሁ፤ በጎደጎደ ድንጋይ ላይ የሚጠበቅ ማዕዘን የለም።

ድንጋይ በሌለበት ቤት ሲኒ አለ። በሲኒ ወይም በሸክላ ሳህን መቀመጫ ዙሪያ ያለው ያልተቀባ ሻካራ ቀለበት ከቢላዋ ብረት ይጠነክራል፤ ገልብጦ ጥቂት ጊዜ ማስኬድ እንግዳ ሲመጣ ያድናል። የደረጃ ሲሚንቶ ላይ መፋቅን ግን ትቻለሁ፤ ስለቱን እየቆነጠረ ይሸርፈዋል።

በዚህ ዓመት ይበልጥ ያሳሰበኝ ስለቱ የሚጠፋበት መንገድ ነው። የስል ቢላዋ ጠርዝ ከ1 ማይክሮን ያነሰ ውፍረት ሊኖረው ይችላል፤ የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ነው። ይህን ያህል የሳሳ ነገር የብረት ትሪ ላይ ሽንኩርት ሲከተፍበት ይታጠፋል፤ እኔ ግን ለሃያ ዓመታት ትሪ ላይ ከትፌያለሁ። አሁን የዋንዛ መክተፊያ አሠርቻለሁ። የተከተፈውን ወደ ድስቱ የምገፋውም በቢላዋው ጀርባ ነው፤ በስለቱ ወደ ጎን መጥረግ የአንድ ሳምንት ድካም በአንድ ምሽት ያበላሻል። ዶሮውን ስበልት መገጣጠሚያውን በጣቴ ፈልጌ በልም አጥንቱ በኩል አልፋለሁ፤ አሥራ ሁለቱ ብልት ሁሉ አጥንት ሳይመታ ይወጣል።

ከሁሉም የከፋው ሎሚና ጨው ነው። ዶሮውን በሎሚና በጨው ስናጥብ ቢላዋውን እዚያው ገንዳ ውስጥ እንተወዋለን፤ አሲዱ የካርቦን ብረትን በደቂቃዎች ውስጥ ያጠቁረዋል፣ ጨው ደግሞ የማይዝግ የሚባለውን እንኳ በጊዜ ብዛት ይበሳዋል። ያ ብረት የማይዝገው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው ነው፤ ክሮሚየሙ በላዩ የሚሠራውን ስስ መከላከያ ጨው ያፈርሰዋል። አሁን ቤታችን ውስጥ ቢላዋ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፤ ከማንኪያዎች ጋርም አይጣልም፣ ከካርቶን አጥፌ የሠራሁለት ሰገባ አለው። ልጄ መጀመሪያ ላይ ታጉረመርም ነበር፤ አንድ ቀን ሰገባውን አጥታ ስትፈልግ ሳያት ግን ዝም አልኩ።

ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእናቴን ካራ ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሰማያዊው ጫፍ ከብዙ ፍቀት በኋላ ጠፍቷል። ከእጀታው አጠገብ ግን ድሮ አጥንት ሲመታ የተሸረፈ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድፍ አለ። ሻካራውን ድንጋይ አርጥቤ ለግማሽ ሰዓት ከፋቅሁት በኋላ ለካሁት፤ ጉድፉን ፈጽሞ ለማጥፋት ከዳር እስከ ዳር የካራውን ወርድ በሁለት ሚሊ ሜትር መቀነስ ይኖርብኛል፣ ካራው ደግሞ ቀድሞውኑ ሳስቷል። ድንጋዩን አጥቤ አስቀመጥኩት። በየወሩ ስስለው ጥቂት ጥቂት እያለ ያልቃል፤ እስከዚያው ከእጀታው ራቅ ባለው በኩል እቆርጣለሁ።