ጓሉ የተሠራው ከእሳቱ በፊት ነው

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ብዙ በማይርቅ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሦስት የዚርኮኒያ (የዚርኮኒየምና የኦክስጅን ውሕድ የሆነ ሴራሚክ) ቁራጮቼ ተሰነጣጥቀው ከእቶኑ ወጡ። እያንዳንዳቸው ከአንድ ብር ሳንቲም አይበልጡም፤ የሁለት ወር ሥራዬ ግን እነርሱ ነበሩ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ከዚርኮኒያው ጋር የቀላቀልሁትን ኢትሪያ፣ ማለትም የኢትሪየም ኦክሳይዱን ነው። ንጹሕ ዚርኮኒያ እስከ 2,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይቀልጥም፣ ሲቀዘቅዝ 1,000 ዲግሪ አካባቢ የክሪስታሉ አደራደር ይለወጥና ከ4 በመቶ በላይ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ራሱን ይሰነጥቃል። ይህን ጠባይ የሚገራለት ጥቂት ኢትሪያ ነው። ልኬቴን ደግሜ ብመረምር ግን ስሕተት አጣሁበት።

ቴክኒሻናችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ቁራጩን አገላብጠው አዩና «ዝቃጩን በምን አጠብሽው?» አሉኝ።

«በተጣራ ውኃ፣ ጋሼ። ክሎራይዱ ጨርሶ እስኪወጣ።» ክሎራይድ ካገኘ ነጭ ደመና የሚያወጣውን የብር ናይትሬት ጠብ አድርጌ፣ ደመናው አለመታየቱን አረጋግጬ ነበር።

«ከዚያስ?»

«አደረቅሁት።»

«ከነውኃው?»

ነገሩ ገባኝ።

የዚርኮኒየም ጨው በውኃ ሟሙቶ አሞኒያ ሲንጠባጠብበት እንደ አጥሚት የላመ ነጭ ዝቃጭ ይወጣዋል። ቅንጣቶቹ በናኖሜትር የሚለኩ ናቸው። ውኃው ሲተን ግን እያንዳንዷን ቅንጣት ወደ ጎረቤቷ ይጎትታል። በገጻቸው ላይ የቀረው ሃይድሮክሲልም (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ሙቀት ሲያገኘው ውኃ ሆኖ ይወጣና፣ በቦታው የሚቀረው ኦክስጅን ድልድይ ሆኖ ያጣብቃቸዋል። ልም ዱቄት መስሎ የሚያታልል ጓል ይሆናል። እቶን ሲገባ እያንዳንዱ ጓል ለብቻው ይጠጋጋል፤ ከአጠገቡ ካለው ጋር ግን ክፍተት ይተዋል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሙቀጫ ውስጥ እንደ ጠጠር እምቢ ሲለኝ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ክንዴን አበረታሁ፣ ደቀቀልኝ ብዬም ተደሰትሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ኤታኖል የገጽ ውጥረቱ፣ ማለትም ሲተን ቅንጣቶቹን የሚጎትትበት ኃይል፣ የውኃን ሲሶ ያህል ነው፤ የሃይድሮክሲሉንም ቦታ በከፊል ይወስዳል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ከሀ ጀመርሁ፤ ከውኃው እጥበት በኋላ ሦስት ጊዜ በኤታኖል አለቀለቅሁት።

ዛሬ ጠዋት ከ600 ዲግሪ የወጣውን ዱቄት በሁለት ጣቶቼ መካከል አሸሁት። ምንም አልጎረበጠኝም። ጋሼም ነክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። 1,500 ዲግሪ በሚደርሰው እቶን ተራዬ ሰኞ ነው።