ወፍጮ ቤት ውስጥ የተከለሰው ኮርስ

ጎንደር ውስጥ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ አስተምራለሁ። የኤሌክትሪክ ማሽን (የሞተርና የጄኔሬተር) ኮርሱ ይከለስ ሲባል ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ሁለት ወር ቢሮ ተቀምጬ የሌሎችን ካሪኩለም አነበብኩ፤ ለአሠሪዎችም መጠይቅ በተንኩ። መልሱ ሁሉ አንድ ነበር፦ «ተግባር ይጨመር።» የቱ ተግባር? ማንም አልጻፈም።

ከዚያ ኢንተርንሽፕ የወጡ ተማሪዎቼን ለማየት አዘዞ ወዳለ የሞተር ጥገና ቤት ሄድኩ። የዚያን ቀን ወፍጮ ቆሟል ተብለው ሲጠሩ ተከተልኳቸው። ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። በእኔ ኮርስ «ኤ» ያመጣው ልጅ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ መልቲሜትሩን፣ ይዞ ቆሞ ቀረ። ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሻን ሞተሩን ወዲያው አጠፉና ከመስመሩ መግቢያ ጀምረው ፌዝ በፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመጡትን ሦስት መስመሮች አንድ በአንድ፣ ለኩ። አንዱ ፊውዝ ተቃጥሏል። ባለ 3 ፌዝ ሞተር አንዱ ከጎደለበት ከቆመበት አይነሳም፤ ቶሎ ካልጠፋ ደግሞ ኮይሉ (በውስጡ የተጠቀለለው ሽቦ) ይቃጠላል። ይህን በስሌት ያስተማርኩት እኔው ነኝ፣ ልጁም ስሌቱን አሳምሮ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ከየት እንደሚጀመር ነው።

«መምህር፣ ልጆችዎ ጎበዞች ናቸው» አሉኝ ጋሼ። «ግን የተበላሸ ነገር አይተው አያውቁም።»

እውነታቸውን ነው። ላብራቶሪያችን ውስጥ ያሉት ሞተሮች በሙሉ ደህና ነበሩ።

ስለዚህ ከየጥገና ቤቱ የተጣሉ ሞተሮችና ኮንታክተሮች (ሞተር የሚያበሩና የሚያጠፉ ማብሪያዎች) ለቃቀምን። አሁን ላብራቶሪ የሚጀመረው ሆን ተብሎ በተበላሸ ነገር ነው። ተማሪው መጀመሪያ ምን እንደለካና ለምን እንደለካ ይጽፋል። ሂሳቡ ይቀነስ ያሉ ባልደረቦች ነበሩ፤ በፍጹም አልተስማማሁም። ሞተር በስታር ዴልታ (ኮይሎቹን መጀመሪያ በስታር፣ ኋላ በዴልታ በማገናኘት) ሲነሳ ከመስመሩ የሚሳበው ከረንት ለምን በቀጥታ በዴልታ ሲነሳ ከሚሳበው ወደ 1/3 እንደሚወርድ ያልገባው ሰው፣ የሚያውቀው ሽቦ ሲቀየርበት ይጠፋበታል።

የተሳሳትኩት ፈተናው ላይ ነው። ኮርሱን ለውጬ ፈተናውን እንደነበረ ተውኩት። ተማሪዎቹ የድሮ ጥያቄ እያጠኑ ላብራቶሪውን ረሱት፣ ደግሞም አልፈርድባቸውም። በቀጣዩ ዓመት ከ100ው 40ውን ብልሽት ለማግኘት ሰጠሁት፣ በነፍስ ወከፍ። አድካሚ ነው። ከተማሪው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ይል በነበረው የ70/30 ፖሊሲ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሲበዛ ጠረጴዛው አብሮ አልበዛም፤ አሥር ልጅ ከብቦ አንዱ ይነካል፣ ዘጠኙ ያያል። በአራት በአራት ከፋፍለን ማታም ማስገባት ነበረብን፤ ያለ ላብራቶሪ ቴክኒሻኖቻችን ትጋት አይሞከርም ነበር። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ምርጫ ላይ ማክበብ የልጁን እጅ አይፈትንም፣ ግን ካላለፈ ዲግሪ የለምና ለእሱም ሰዓት መድበናል።

ጋሼን ፈታኝ አድርገን ጋበዝናቸው። ዲግሪ የላቸውም ተብሎ ክፍያቸው እስኪጸድቅ አንድ ሴሚስተር አለፈ፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። እሳቸው ግን መጡ። የመጀመሪያዋን ተማሪ የሚያጉረመርም ሞተር ፊት አቆሟትና «ምን አደረግሽ?» አሏት።

«አጠፋሁት» አለች።