የቀረፋ ቅጠል እባጭና የባሕር ዳር ወቅቶች

ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቀው የባሕር ዳር ግቢዬ ያሉት የቀረፋ ዛፎች ቅጠላቸው በእባጭ ሲሞላ፣ መድኃኒት ከመርጨቴ በፊት ጥቃቱ በየትኛው ወቅት እንደሚበረታ ለማወቅ ፈለግሁ። ከተማችን ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሙቀትና እርጥበት ለሚወደው ቀረፋ እጅግ ምቹ ናት አይባልም፤ እድገቱም አዝጋሚ ነው። ይህ አዝጋሚነት ግን ለምልከታዬ ጠቅሞኛል፤ የትኛው ቅጠል መቼ እንደ ወጣ ለይቶ መያዝ አላስቸገረኝም።

በስሪላንካና በደቡብ ሕንድ የቀረፋ እርሻዎች እንዲህ ያለውን እባጭ በማምጣት የሚታወቀው ማይት የሚባል ተባይ ነው፤ ከሸረሪት ወገን ቢሆንም የዚህኛው ዓይነት እግሮች አራት ብቻ ናቸው፣ ርዝመቱም ከ0.3 ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። አንድ አረንጓዴ እባጭ በምላጭ ለሁለት ከፍዬ 20 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ስመለከት፣ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የካሮት ቅርጽ ያላቸው ነጣ ያሉ ፍጥረታት በዝግታ ሲሳቡ አየሁ። የጠቆረው እባጭ ሲከፈት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። በዛፉ ላይ ያለውን እባጭ በሙሉ የሚቆጥር ሰው የዛሬውን ጥቃት ካለፉት ወራት ጥቃት ጋር ያደባልቃል ማለት ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ የማቆጥቆጫ ጊዜ በሚወጡት ቀንበጦች ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር እያሰርሁ፣ በእነርሱ ላይ የሚወጣውን አዲስ እባጭ ብቻ መዘገብሁ። ዝናቡንም ግቢ ውስጥ ባቆምሁት መለኪያ ተከታተልሁ።

በሐምሌና በነሐሴ ዛፎቹ ቢያቆጠቁጡም አዲስ እባጭ ጥቂት ነበር፤ ኃይለኛው ዝናብ ከእባጭ ወጥቶ ወደ ለጋ ቅጠል የሚጓዘውን ተባይ ሳያጥበው አይቀርም። ዝናቡ ቀለል ብሎ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ፀሐይ ሲወጣ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት፣ ጥቃቱ በረታ። በታኅሣሥ ዛፉ ለዓይን ከሁሉ ጊዜ የባሰ የታመመ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝና ማቆጥቆጡም ስለሚቆም አዲስ እባጭ የለም ማለት ይቻላል። ጎረቤቶቼ ቶሎ እንድረጭ አጥብቀው የመከሩኝ በዚሁ ወር መሆኑ ይገርመኛል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ የመጋቢትና የሚያዝያ ምልከታ ነው። ከዛፎቹ ከፊሉን ውሃ እያጠጣሁ ሌሎቹን ተውኋቸው። ሙቀቱም ሆነ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ያቆጠቆጡትና አዲስ እባጭ ያወጡት የሚጠጡት ብቻ ሆኑ። ማይቱ እባጭ ማስወጣት የሚችለው ገና በማደግ ላይ ባለ ቅጠል ላይ ስለሆነ፣ የአየሩ ጠባይ በአመዛኙ የሚሠራው በዛፉ ማቆጥቆጥ በኩል ነው።

ከዚያ ወዲህ በበጋ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣቱን ትቼ፣ ለጋው በአንድ ጊዜ እንዲወጣ አራርቄ በብዛት አጠጣለሁ። እባጭ ያለባቸውን ቀንበጦች አረንጓዴ ሳሉ፣ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ቆርጬ በጆንያ ካሰርሁ በኋላ አቃጥላለሁ። በውሃ የሚበጠበጥ ድኝ የምረጨውም እንቡጡ መፈታት ሲጀምር ነው፤ ተባዩ እባጭ ውስጥ ከገባ በኋላ ርጭቱ አያገኘውም። የቀኑ ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ በሚጠጋበት ጊዜ ድኝ ቅጠሉን ስለሚለበልብ፣ በሚያዝያ ከሆነ ከማለዳ ውጭ አልረጭም፤ በጣም በሚሞቅበት ቀን ደግሞ ጨርሶ እተወዋለሁ።