ዋጋው አይደራደርም፣ ሌላው ግን ይደራደራል

ጎንደር ላይ የፋብሪካ ባለቤት ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ቃል አይለወጥም፦ «ኢንጂነር፣ እባክህ የመብራቱን ዋጋ አስቀንስልኝ።» አይሆንም። የኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ድርድር አያውቅም። ታሪፉ ጸድቆ ነው የሚመጣው። የታሪፍ መደባቸው አንድ እስከሆነ ድረስ አዘዞ ያለ ፋብሪካና ዱከም ያለ ፋብሪካ እኩል ይከፍላሉ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ጨመር እያለ ነው። «ህዳሴ ተመርቆም?» ይሉኛል። ግድቡ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፣ እሰየው። እኛን አንቆ የሚይዘን ግን ብዙ ጊዜ ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ፋብሪካው በር ያለው መስመር ነው።

ስለዚህ ጉልበቴን የማውለው ሌላው ላይ ነው። ስንት ኪሎዋት እንጠይቅ? በስንት ቮልት እንግባ? ቆጣሪው የት ይቀመጥ? ከየትኛው ፊደር፣ ማለትም ከማከፋፈያ ጣቢያው ከሚወጣ መስመር፣ እንያያዝ? ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው።

አንድ ዱቄት ፋብሪካ ማስፋፊያ ሊሠራ ሲነሳ ባለቤቱ የሞተሮቹን ሁሉ ኪሎዋት ደምረው ጠበቁኝ። 400 ገደማ ነው። «ለወደፊትም ይሆናል፣ ሞላ አድርገህ ጻፈው» አሉኝ። የተለመደ ነው፤ ሰው እንዳይቀነስበት አብዝቶ ይጠይቃል። እኔ ክላምፕ ሜትሬን፣ ሽቦውን አቅፎ ጭነቱን የሚለካውን መሣሪያ፣ ይዤ ወደ ኤሌክትሪክ ቦርዱ ሄድኩ። ወፍጮው፣ ማበጠሪያው፣ ኮምፕረሰሩ፣ ሁሉም እየሠራ ከ270 ኪሎዋት አላለፈም። ፓወር ፋክተሩ፣ ከመስመሩ ከሚወሰደው ኃይል በእርግጥ ሥራ የሚሠራው ድርሻ፣ ግን 0.75 ነበር። ግማሽ ሥራ ብቻ የሚሠሩ ትልልቅ ሞተሮች ጠባያቸው ይሄው ነው። 270ን ለ0.75 አካፍሉት፣ 360 ኬቪኤ ይመጣል፤ የትራንስፎርመር አቅም የሚለካው በዚህ ነው። ባለ 315 ትራንስፎርመር አይችለውም። ይህን ድርሻ ከፍ የሚያደርግ ካፓሲተር ባንክ አስገብተን 0.95 ብናደርሰው ግን 284 ይሆናል፣ 315ቱ ይበቃል። ባለቤቱን ለማሳመን ከመብራት ኃይል ቢሮው ድርድር የበለጠ ላብ ፈሷል። የሚገርመው፣ ትንሽ ስትጠይቅ ፊደሩ ላይ ቦታ ማግኘትም ይቀላል።

ቢሮ ስንገባ «መብራት እየሄደ ከሰርኩ» ብሎ መጀመር ዋጋ የለውም። ያንን ሁሉም ይላል። እኛ የያዝነው የሳምንት የቮልቴጅ መዝገብ ነበር። ቀን ላይ ደህና ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲጥድ፣ 380 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 340 ይወርዳል። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ወሬው ወዲያው ወደ መስመሩ ዞረ። የትኛው ፊደር እንደሚሻል የነገረንም እዚያው የተቀመጠው ባለሙያ ነው።

የቆጣሪው ቦታ ቀላል ነገር ይመስላል። ቆጣሪው በ15 ወይም በ33 ኪሎቮልቱ በኩል ከተተከለ ታሪፉ ዝቅ ይላል፣ ነገር ግን ትራንስፎርመሩ የሚበላው ኪሳራ የእናንተ ነው። እሱ ደግሞ ፋብሪካው ተዘግቶም ይበላል። ዓመቱን ሙሉ ለሚፈጭ ያዋጣል። ክረምት ላይ ለሚዘጋ ሰሊጥ አበጣሪ ግን ቁጭ ብሎ ማስላት ይፈልጋል።

በቆጣሪው ርክክብ ቀን የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ፦ የሲቲውን፣ የመስመሩን ትልቅ ከረንት ለቆጣሪው አሳንሶ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ሰሌዳ በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም። አንዴ ኮንትራክተሩ ባዘጋጀው ቅጽ ላይ 600/5 ተጽፏል። ባትሪ አብርቼ ሳየው ሰሌዳው 500/5 ይላል። የቆጣሪው ንባብ በ100 መባዛት ሲገባው በ120 ሊባዛ ነው። እጥፍ ቢሆን ሰው ይነቃል። 20 በመቶ ግን «ታሪፍ ጨመረ» ተብሎ ለዓመታት ይከፈላል። እዚያው አስተካክለን ፈረምን።

የዲማንድ ክፍያውን ያስረዳኋቸው የሰሊጥ ፋብሪካ ባለቤት ደግሞ አሉ። የኢንዱስትሪ ቢል የተጠቀሙትን ኃይል ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፤ በወሩ የደረሱበትን ከፍተኛ ጭነትም ያስከፍላል። ክረምት ላይ ሥራ የለም። ሐምሌ ላይ ደውለው «ማሽኖቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስነስቼ ልፈትሻቸው ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አንዱን ፈትሸው ካጠፉ በኋላ ሌላውን ያስነሱ። አለበለዚያ ለዚያች አንድ ሰዓት የወሩን ይከፍላሉ።»

«ለሙከራም?»

«ቆጣሪው ሙከራ መሆኑን በምን ያውቃል?»

ሳቁና ሠራተኞቹን ጠሩ።