ዓይኔ ውስጥ የሚንሳፈፈው ነገር

ዛሬ ዓይን ሐኪም ጋር ውዬ መጣሁ። ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ ስላደረጉልኝ አሁንም ብርሃን እየወጋኝ ነው፣ ይህንንም የምጽፈው ስልኩን ከፊቴ አርቄ ነው።

እንጨት ላይ ስምና ሥዕል የምቀርጽበት ትንሽ የሌዘር ማሽን እንዳለኝ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ሳይ ክር የመሰለ ጥቁር ነገር ይንሳፈፍብኝ ጀመር። የጨረር መከላከያ መነጽር ሳላደርግ ማሽኑን አስነስቼ አላውቅም፤ ግን ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

ዶክተሯ ሬቲናዬን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን፣ በደንብ አየችው። ቃጠሎ የለም፣ ተመስገን! የሚንሳፈፈው ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ትንንሽ ቋጠሮ ሲሠራ ሬቲና ላይ የሚጥለው ጥላ ነው፣ ዓይን ሲዞር አብሮ ይዋልላል። ሌዘር ያቃጠለው ቦታ ግን ወዲያ ወዲህ አይልም፤ ወደየትም ብታዩ እዚያው የተተከለ ጥቁር ነጥብ ይሆናል፣ ቀጥ ያለ መስመርም ጠማማ ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ "አላመመኝም" ማለት ዋስትና አይደለም።

እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ የመነጽሩ ነገር ነው። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ጨረር ነው ያላቸው፣ ጉልበቱም ከ500 ሚሊዋት ስለሚበልጥ ካልተሸፈነ ክላስ 4፣ ማለትም ከሌዘር ደረጃዎች ሁሉ አደገኛው፣ ይባላል፤ ነጥሮ የሚመጣው እንኳ ዓይን ይጎዳል። ዝም ብሎ ባለቀለም መነጽር አይበቃም። የማሽናችሁ የሞገድ ርዝመት (ያ በናኖሜትር የሚለካው ቁጥር) መነጽሩ ላይ መጻፉን እዩ፣ እባካችሁ።

ተንሳፋፊው ድንገት ከበዛ፣ ብልጭታ ከታየ፣ ወይም መጋረጃ እንደወረደ አንድ ጎን ከጨለመ ሬቲና እየተላቀቀ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ለእኔም ለክትትል ቀጠሮ ተይዞልኛል።