በስልክ የሚደርሰው ስልጠና

ሰነድ መላክ ስልጠና መስጠት እየመሰለን ተቸግረናል። 60 ገጽ ፒዲኤፍ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ በሚያስተምሩ አመቻቾች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀቃል፣ «እሺ፣ እናመሰግናለን» ይጎርፋል፣ አውራ ጣት ይደረደራል፣ ሪፖርቱ ላይም «ሰልጥነዋል» ተብሎ ይጻፋል። ስንቱ እንደከፈተው የሚጠይቅ የለም። ማታ ትምህርት ጣቢያው ላይ ጎልማሶቹ ያው እንደትናንቱ ሀ ሁ ሂ ሃ እያሉ በዜማ ይወርዳሉ።

ዜማው ራሱ ክፉ አይደለም፤ አሳሳች ግን ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ጎልማሳው ሁሉንም ሳይሳሳት ሊወጣቸው ይችላል። ሰሌዳ ላይ «ሄ»ን ብቻዋን ጽፎ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነው ፈተናው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስና ከ«ሀ» ጀምሮ ሲቆጥር ከታየ፣ ያወቀው ተራውን እንጂ ፊደሏን አይደለም። አመቻቹ ይህንን የሚያየው ፊት ፊታቸውን ሲመለከት ነው፤ ፒዲኤፍ ላይ ሲያነበው ግን ገጹን ገልጦ ያልፈዋል።

ስለዚህ ለአመቻቹ በሳምንት አንድ ሥራ ብቻ መላክ ይበቃል ባይ ነኝ። ለምሳሌ «ሰላም»። ቃሉ ይነገራል፣ ጥቂት ይወራበታል፣ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ከዚያ ሰ – ላ – ም ተብሎ ይከፈላል። አመቻቹ «ሰ»ን በእጁ ሸፍኖ የቀረውን ያስነብባል፦ ላም። ቀጥሎ መሃሏን «ላ» ይሸፍናል፦ ሰም። ሦስት ፊደል፣ ሦስት ቃል፤ ሁሉም ጎልማሳው ቤት ያሉ። ይህንን ማስረዳት ሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክትና አንድ የሰሌዳ ፎቶ እንጂ ቪዲዮ አይፈልግም። ድምፁ ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው። ቪዲዮ የግድ ከሆነም «ፋይል» ተብሎ አይላክ፤ ቴሌግራም ሳያሳንሰው እንዳለ ያልፋል፣ የሰውንም ካርድ ይበላል።

የሚላክበት ሰዓትም ቁም ነገር ነው። ትምህርቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሆነ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መድረስ አለበት፤ በዋዜማው የመጣ ይረሳል፣ ትምህርቱ ሊጀመር ሲል የመጣ ለዝግጅት አይበቃም። የመላኪያዋን ምልክት ተጭኖ በመያዝ ሰዓቱን አስቀድሞ መሙላት ይቻላል።

ከዚያ የሚመለሰው ይጠበቃል። እኔ ብጠየቅ ከሁሉም ይልቅ እዚህ ላይ ጊዜ ይዋል እላለሁ። አመቻቹ በማግስቱ የሰሌዳውን ፎቶና የአንድ ደቂቃ ድምፅ ይልካል፦ ስንት ሰው መጣ፣ ስንቱ «ሰም»ን ብቻውን አወጣ፣ የት ተደናቀፉ። ፎቶው ላይ ሰሌዳና እጅ እንጂ ፊት አይግባ፤ በዚህ ዕድሜ ፊደል እየቆጠረ መሆኑን ጎረቤት እንዲያይበት የማይፈልግ ብዙ ሰው አለ። ምላሹ ደግሞ ስለ አንድ ነገር ብቻ ይሁን፣ በግል ይላክ። «ቃሉን ቶሎ ከፈሉት፣ መጀመሪያ ይወራበት» ቢባል ይበቃል። አምስት ስህተት በአንዴ ግሩፕ ላይ የተዘረዘረበት አመቻች በሚቀጥለው ሳምንት ምንም አይልክም። አንድ አሰልጣኝ በደንብ አዳምጦ መመለስ የሚችለው ለ12 ወይም ለ15 ሰው ነው፤ 200 ሰው ያለበት ግሩፕ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው።

ምርጫ ያለው ጥያቄ (ኩዊዝ) በቴሌግራም ቻናል የሚለቁም አሉ። ቻናል ላይ ማን ምን እንደመለሰ አይታይም፤ 40 በመቶው እንደተሳሳተ ታውቆ እነማን እንደሆኑ ሳይታወቅ ይቀራል። ግሩፕ ላይ ስም እንዲታይ አድርጎ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን የሚሸማቀቅ እንዳለ አይረሳ።

ስማርት ስልክ የሌለው አመቻች «አጋር ፈልግ» ተብሎ ይተዋል፣ ይሄ ያናድደኛል። አጭር የጽሑፍ መልእክት አለ። በአማርኛ ሲጻፍ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ በላቲን ቢሆን 160። ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ሆኖም የሳምንቱ ሥራ በአንዱ መልእክት ውስጥ ይገባል፦ «ዛሬ ሰላም ብለው ይጻፉ። ከቃሉ ላምና ሰም ያስወጧቸው። ስንት ሰው እንዳወቀ ነገ ይላኩልኝ።» ክፍተቱ ተቆጥሮ 57።

ቀን መቁጠሪያውም ይታይ። ሥራው ሁሉ ክፍል ውስጥ የሚሞከር ነውና ክፍሉ ባዶ ሲሆን ስልጠናውም ባዶ ነው። ኅዳር አጨዳ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ እርሻና አረም። በገበያ ቀን ደግሞ ግማሹ ይቀራል፣ ስለዚህ አዲስ ቃል በዚያ ቀን አይጀመርም፤ ያለፈው ይከለስበታል። ስድስት ሳምንት የሚፈጅ ስልጠና ከጥር አጋማሽ ቢጀመር በየካቲት መጨረሻ ያልቃል፣ መሬቱም ገና ሰውን አልጠራም።